አሳምራት!

ሐሙስ ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል። ቢሮ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። በሬ ተንኳኳ ልበል? አልተንኳኳም፤ ተገፋ። ዶክተር ፍላሿን በሁለት ጣታቸው እንደ ክኒን ይዘው ገቡ።

«እንዴት ዋልክ ወንድሜ? ይቺን ነገር እስቲ አሳምራት። ለሰኞ ጠዋት ናት።»

ፍላሿን ሰካሁ። መጀመሪያ ቫይረሱ ሰላም አለኝ፤ ቀጥሎ 43 ገጽ የወርድ ፋይል ተከፈተ። 43ቱም ገጽ አንድ ፖስተር ላይ ሊሰፍር ነው። «ዶክተር፣ የትኛው ይቅር?» አልኳቸው። «ምንም አይቀር፤ ፊደሉን አሳንሰው» አሉና ወጡ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት አንገታቸውን መለስ አድርገው አንድ ነገር ጨመሩ። «ሎጎዎቹ ግን እንዳያንሱ!»

እኔ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቢሮ ውስጥ የግራፊክስ ባለሙያ ነኝ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም። አንደኛ እንጀራዬ ነው። ሁለተኛ፣ ከ40 በላይ ከሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የአንዱን ስም ብጠራ ሌሎቹ «ተመስገን፣ እኛ ጋ እንዲህ የለም» ብለው በሰላም ሊተኙ ነው። አለ። የሙያ ጓደኞቼ ስንገናኝ እናወራለን እኮ።

ምን ትሠራለህ ለምትሉኝ፣ ባነር እሠራለሁ። የዓውደ ጥናት ባነር፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ባነር፣ በር ላይ የሚቆም ሮል አፕ፣ መድረኩ ጀርባ የሚወጠር ግድግዳ የሚያህል ባነር። ሰርተፍኬት እሠራለሁ፤ ለሁለት ቀን ሥልጠና የሚሰጠው ሰርተፍኬት እኔ አራት ዓመት ተምሬ ካገኘሁት ዲግሪ ይልቅ ወርቅ ይበዛበታል። የደረት ባጅ፣ የአብስትራክት ጥራዝ፣ ካላንደር፣ አጀንዳ፣ ቲሸርትና ኮፍያ እሠራለሁ። ባጁ ላይ የአንድ ሰው ማዕረግ ከተሳሳተ ጉዳዩ እስከ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ድረስ ይሄዳል። አንድ ጊዜ «ተባባሪ» የምትለዋን ቃል ከአንድ ፕሮፌሰር ፊት በስህተት ዘልያት፣ ያላግባብ ስላሳደግኳቸው ሌሎቹ ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፈውኝ ነበር። እሳቸው ግን አላኮረፉም።

ሎጎ የሚባለውን ነገር ደግሞ ለብቻው ባወራው ይሻላል። ሎጎ ወደ እኔ የሚመጣው በቴሌግራም ነው። ጥፍር የምታህል፣ ከስልክ ስክሪን ላይ የተነሳች፣ አንዳንዴም ከጥጓ የላኪው የባትሪ ምልክት ሳይቀር የሚታይባት። እሷን ነው ሦስት ሜትር ባነር ላይ ወጥራት የምባለው። ስትወጠር ትደበዝዛለች፤ ስትደበዝዝ «አታሚው አበላሸው» ይባላል። የማን ሎጎ በስተቀኝ ይሁን፣ የማን በስተግራ፣ የማን በሁለት ሚሊሜትር ይበልጥ በሚለው ላይ ስንት ስብሰባ እንደተቀመጥን ብቆጥረው ኖሮ፣ እሱ ራሱ አንድ የምርምር ውጤት ይወጣው ነበር።

ፊደሉስ ብትሉ! የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር በገዛ መንገዱ ነበር የሚጽፈው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም። ይሄው ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎም በድሮው ሶፍትዌር የተተየበ ጽሑፍ እስካሁን ይመጣልኛል። ስከፍተው የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት እንደ በረዶ ይወርድብኛል። ቁጭ ብዬ እንደገና እተይበዋለሁ፣ በሌሊት። ጠዋት ላይ «ይሄን ያህል ጊዜ ምን ሲሠራ ነበር?» ይባላል። ደግሞ «ይቺን ቃል አጋድምልኝ» የሚሉ አሉ። ፈረንጅ አንድን ቃል ለይቶ ሊያሳይ ሲፈልግ ፊደሉን ያጋድማል፤ ያምርበታል። የኛ ፊደል ሲጋደም ግን ጠጅ ቤት አምሽቶ የወጣ ሰው ነው የሚመስለው። እሺ ብዬ አጋድማለሁ። ምን ላድርግ?

ከዓመቱ ሁሉ የማልረሳው ሰኔን ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ያልወጣ ገንዘብ ይመለሳል። ስለዚህ ሰኔ ሲገባ ዓመቱን ሙሉ ያልታሰበ ነገር ሁሉ በአንድ ሳምንት ይታሰባል። ብሮሹር! ፖስተር! መጽሔት! ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ያረከሰው አታሚ ያሸንፋል፤ ወፍራም ወረቀት ብለን ያዘዝነው ሲመጣ ትንፋሽ ያወዛውዘዋል። ናሙና አይቶ ማረም የሚባለው ነገር በሰኔ ቅንጦት ነው።

ይሄን ሁሉ የዘረዘርኩት ላለቅስላችሁ አይደለም። ሥራ ነው፤ ሥራ ያለው ሰው ደግሞ ያማርራል። ስለ ደሞዜም አይደለም፤ (እሱን ሌላ የሚያነሳልኝ ቢገኝ ግን አልጠላም)። ጠቤ ከአንዲት ቃል ጋር ነው። «አሳምራት» ከምትለዋ።

«አሳምራት» ማለት ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ታስቧል፣ ተጠንቷል፣ ተጽፏል፤ የቀረው ቀለም መቀባት ነው። ሙሽራዋ ተመርጣ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ሚዜ ከደረሰ በኋላ «ነይ ኳያት» ተብላ በጓዳ በር የምትጠራ ሴት አለች አይደል? እኔ እሷን ነኝ። ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ አይነገረኝም። ስለምን እንደሆነ ሳላውቅ ያሳመርኩት ምርምር ብዛት እኔን ራሴን ያስፈራኛል። እናንተንም ሊያስፈራችሁ ይገባል ባይ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

አያቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ወጥሮና ፍቆ ካዘጋጀ በኋላ ቀለም ከመንከሩ በፊት ገጹን ይለካል። ዳርና ዳሩን በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለ ቀለም ያሰምራል። ጽሑፉ በሁለት ዓምድ ይሁን በሦስት፣ ኅዳጉ ምን ያህል ይተው፣ ይህ ሁሉ የሚቆረጠው የመጀመሪያዋ ፊደል ከመጣሏ በፊት ነው። ቀዩን ቀለም የሚያነሳው ቀይ ስለሚወድ አይደለም፤ የክፍሉ መጀመሪያና የቅዱሳኑ ስም ለዓይን ተለይቶ እንዲታይ ነው። በገጹ አናት ላይ የሚስለው ሐረግም ያምራል፤ ማማሩን ማን ይክዳል? ግን ሥራ አለው፤ «እዚህ ጋ አዲስ ነገር ይጀምራል» ይላል። በጧፍ ብርሃን የሚያነበው ሰው ቦታው እንዳይጠፋበት። የገጽ አቀማመጥ ማሰብ እንጂ መቀባት እንዳልሆነ የምንማረው ከፈረንጅ መጽሐፍ ሊሆን አይገባውም ነበር። ከየገዳሙ ዕቃ ቤት ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ማንቆርቆሪያዋ ልምጣ። ይሄን ነገር እስከ ዛሬ ከቅርብ ጓደኞቼ ውጪ ለማንም አላወራሁትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የኛ ሰዎች ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች አንዲት ቀበሌ የመጠጥ ውሃ አጠኑ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር በብዙ ቦታ ከልክ በላይ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ፣ ጥርሳቸው በመሠራት ላይ ያለ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ እጅግ ሲበዛና ዕድሜ ሲቆይ ደግሞ አጥንት ይነካል። በዚያች ቀበሌ ያለው ጥልቅ ጉድጓድ ጣሪያውን ብዙ እጥፍ አልፎታል። ከመንደሩ አርባ ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ምንጭ ግን አለ፤ የሱ ውሃ ደህና ነው። ምክሩ ቀላል ነበር፤ የጉድጓዱ ውሃ ለልብስና ለገላ ይሁን፣ ትንንሽ ልጆች የሚጠጡትና የሚበስልላቸው ግን ከምንጩ ይቀዳ። ሁለት ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ ጎበዞች ነበሩ፤ ጀሪካን እየተሸከሙ በፀሐይ የተጠበሱ ልጆች። በነሱ ላይ ቂም የለኝም።

ፖስተሩ እኔ ጋ የመጣው በሰኔ ነው። ሐሙስ። (አይ ሐሙስ!) አምስት ዓረፍተ ነገርና ዘጠኝ ሎጎ ነበር የተሰጠኝ። ርዕሱ «ንጹሕ ውሃ ለልጆችዎ» ይላል። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነው ወደ አማርኛ የተመለሰው፤ የቀበሌው ሰው እቤቱ የሚያወራው ኦሮምኛ መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ማስተርጎሚያ ጊዜ የለም ተባለ። «ዋናው ሥዕሉ ነው፤ ማንበብ የማይችለውም እንዲገባው አድርገህ አሳምራት» አሉኝ።

ንጹሕ ውሃ። ምን ልሳል? ከልጅነቴ ጀምሮ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያየሁት የንጹሕ ውሃ ሥዕል አንድ ነው፤ እሳት ላይ የተጣደች ማንቆርቆሪያ፣ እንፋሎቷ ወደ ላይ የሚወጣ። እሷኑ ሳልኩ። መቼም አልዋሽም፣ ቆንጆ አድርጌ ነው የሳልኳት። እንፋሎቷ ራሱ የሚሞቅ ነበር የሚመስለው። ፊት ለፊቷ ጥርሱ ነጭ የሆነ ልጅ ኩባያ ይዞ ይስቃል። ለኃላፊው በስልክ ላክሁላቸው። ስብሰባ ላይ ነበሩ። «በጣም አምራለች! ሎጎዎቹ ሁሉም አሉ?» ብለው መለሱልኝ። አሉ። 300 ኮፒ ታተመ።

ርክክቡ ቀን ፎቶ አንሺ ስላልነበረ እኔ ተላክሁ። ከውሃ ቦኖው አጠገብ ባለች ዛፍ ሥር ንግግር ተደረገ፣ ፖስተር ታደለ፣ ፎቶ ተነሳ። አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ቆመው ፖስተሩን አተኩረው ያያሉ። ልጁ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሲስቅልኝ የፊት ጥርሶቹ ቡናማ ናቸው። ቀረብ ብዬ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ «እማማ፣ ገባዎት?» አልኳቸው። እሳቸው በተሰባበረ አማርኛቸው መለሱልኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ እስካሁን አልረሳውም።

«ገባኝ! ለካ እኛ ሳናፈላ ነበር የምንሰጣቸው። ከዛሬ ጀምሮ አፍልቼ ነው የምሰጠው።»

ከጀርባችን የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቆማለች። ወጣት ናት። መጀመሪያ እሳቸውን አየች፤ ቀጥሎ ፖስተሩን፤ ቀጥሎ እኔን።

«ወንድሜ፣ ይሄን ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይሄ እኮ ሲፈላ ይብስበታል። ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ግን አይተንም፤ እዚያው ይከማቻል።»

አላውቅም ነበር። በሪፖርቱ ውስጥ ተጽፏል፤ በኋላ ፈልጌ አገኘሁት፣ ገጽ 31 ላይ ነው። የተሰጠኝ ግን ሪፖርቱ አይደለም፤ አምስት ዓረፍተ ነገርና ዘጠኝ ሎጎ ነው። እና ጥፋቱ የማን ነው? የኔ ነው። ማንቆርቆሪያዋን የሳልኳት እኔ ነኝ፤ «ስለምንድን ነው?» ብዬ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። ግን ደግሞ አስቡት፤ በዚያ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ ለሠዓሊው ነገሩን የመንገር ሥራ የማን ነበር? የማንም። ሥዕሉን ከታተመበት ዓላማ ጋር የማስተያየት ሥራስ? የማንም። ሎጎዎቹን የመቁጠር ሥራ ግን የአራት ሰው ነበር፤ አራቱም በትጋት ሠርተዋል።

የዚያን ቀን ከሰዓት ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር በየቤቱ ዞርን። ያገኘነውን ሁሉ እየሰበሰብን ማንቆርቆሪያዋ ላይ በጥቁር ማርከር ትልቅ ኤክስ አደረግንባት። ከኤክሱ ሥር እሷ በኦሮምኛ «አይፈላ፤ ከምንጩ ቅዱ» ብላ በእጇ ጻፈችበት። (እዩልኝ፤ ጊዜ የለም የተባለው ትርጉም አንድ ማርከርና አንድ ከሰዓት ነው የፈጀው።) ያቺ እናት የራሳቸውን አልመልስም አሉ። ወረቀቱ ጠንካራ ነው፤ ለቤት ግድግዳ ይሆነኛል አሉ። ብለምን፣ ባስረዳ እምቢ አሉ። በመጨረሻ መቀስ ተበድሬ ማንቆርቆሪያዋን ቆርጬ አወጣሁና ቀሪውን ሰጠኋቸው። የቀረው ዘጠኙ ሎጎ ነበር።

ከ300ው 217ቱን አገኘን። 83ቱ ከዛፏ ሥር በሌላ መኪና ወደ ሌሎች ጎጦች ሄደው ነበር። እነሱ ጋ አልደረስንም፤ መኪናው አበል ያለቀበት ሰዓት ደረሰና ተመለስን።

በሳምንቱ የግምገማ ስብሰባ ነበር። እጄን አወጣሁና ነገሩን እንዳለ ተናገርኩ። ቤቱ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ አንዱ «እሱ የቴክኒክ ጉዳይ ስለሆነ ከስብሰባው ውጪ ብትነጋገሩበት» አለ። ሌላው «ፖስተሩ ግን ያምር ነበር» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ፤ ከልቡ ነው። የአጋር ድርጅቱ ተወካይ ደግሞ የሎጎአቸው ሰማያዊ ትንሽ ፈዘዝ ማለቱን አስመዘገበ። ሪፖርቱ ውስጥ የገባችው ዓረፍተ ነገር ይቺ ናት፤ «300 ፖስተሮች ተዘጋጅተው ለማኅበረሰቡ ተሰራጭተዋል።» ውሸት የለባትም እኮ።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ይሄ ነገር የኔ ቢሮ ችግር ብቻ ነው ወይስ ሌላም ቦታ አለ ብዬ። አለ፤ ያውም ከባሰ ቦታ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኩራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ሰባት ጠፈርተኞችን ይዛ ተበታትናለች። ስትነሳ ከነዳጅ ታንኳ ላይ የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ ግራ ክንፏን መትቷት ነበር። መሐንዲሶቹ አውቀዋል፤ ለኃላፊዎቹም በፓወርፖይንት አቅርበዋል። በዚያ ገጽ አናት ላይ ያለው ርዕስ የሚያረጋጋ ነው። ከሁሉ በታች፣ በትንሽ ፊደል፣ ተራ ነገር መስላ የተቀመጠችው መስመር ግን ክንፏን የመታው ቁራጭ ሙከራ ከተደረገበት ቁራጭ ከ600 እጥፍ በላይ እንደሚበልጥ ትናገራለች። የአደጋው መርማሪ ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ያንን ገጽ ለይቶ ተችቶታል። እውነቱ ተጽፏል። ተጽፎ ተቀብሯል። የመንኩራኩሯ ጉዳይ ትልቅ፣ የማንቆርቆሪያዋ ትንሽ ነው ካላችሁኝ አልከራከርም። የኛ ገጽ 31 እና የነሱ የመጨረሻ መስመር ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

በጎ ምሳሌም አለ። ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ሁላችንም የምናውቃት ፋኖስ ይዛ ቁስለኛ ስትጠብቅ ነው። ሴትዮዋ ግን የስታትስቲክስ ሰውም ነበረች። ከክራይሚያ ጦርነት በኋላ፣ በ1858 እ.ኤ.አ.፣ ወታደሩን በብዛት የጨረሰው የጠላት ጥይት ሳይሆን መከላከል የሚቻል በሽታ መሆኑን በአንድ ክብ ሥዕል አሳየች። አሥራ ሁለቱ ወሮች እንደ አበባ ቅጠል በክብ ይደረደራሉ፤ በበሽታ የሞተው በአንድ ቀለም፣ በቁስል የሞተው በሌላ። የቁጥር ሠንጠረዥ የማያነብ ባለሥልጣን እንኳ አንዴ አይቶ ሊሸሸው የማይችል ነገር ነው። ልብ በሉ፤ ቁጥሩን ሰብስባ «አሳምሩልኝ» ብላ ለሌላ አልሰጠችም። ሥዕሉ ራሱ ክርክሯ ነው።

እዚህ ጋ ስደርስ የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ገንዘብ የለም።» እሺ። የዓውደ ጥናቱ ባነርስ በምን ተሠራ? ባነሩ ላይ ቀን ስለሚጻፍበት ሁለተኛ አይሰቀልም። ግማሽ ቀን ተሰቅሎ ይወርዳል። ከዚያ የት እንደሚሄድ ልንገራችሁ፤ የጥበቃዎቹ ቤት ጣራ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጥበቃዎቻችን በክቡራን እንግዶች ፎቶ ሥር ይጠለላሉ። ከሠራኋቸው ባነሮች ሁሉ ለሕዝብ የጠቀመው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«ተመራማሪ ሠዓሊ አይደለም» የሚሉም አሉ። ማንም ሳሉ አላለም። ሠዓሊውን አስተምሩት ነው የምለው፤ ግማሽ ሰዓት። ሁለት ዓመት ጀሪካን የተሸከመ ሰው ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ማውራት እንዴት ይከብደዋል? ሦስተኛው መልስ ደግሞ ጮክ ተብሎ አይነገርም፤ ግን አለ። ለማደግ የሚቆጠረው ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው፤ ቀበሌ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር ነጥብ ብዙም የለውም። ይሄኛው እውነተኛው መልስ ነው፤ ስለዚህም ነው ሌሎቹ ሁለቱ የሚነገሩት።

እኛንም እኮ ልተወን አልችልም፤ ባለሙያ ነን ባዮቹን። ስለ ጤፍ የተሠራ ጥናት ሽፋን ላይ የስንዴ ዘለላ የያዘ የፈረንጅ እጅ የሚለጥፍ ማነው? እኛ ነን፤ ኢንተርኔት ላይ ቀድሞ የመጣው እሱ ስለሆነ። ከፊደሉ ሥር ጥላ፣ ከጥላው ሥር ብልጭታ፣ ከብልጭታው ጀርባ የምትዞር ሉል የምንደርበው እኛ ነን። ትልቁ በሽታችን ግን እሱ አይደለም። ትልቁ በሽታችን «እሺ» ነው። ዶክተር ሲሏቸው እሺ፣ ፕሮፌሰር ሲሏቸው እሺ፣ ሰኞ ሲባል እሺ። ሰው «አሳምራት» የሚለን አሳማሪ ሆነን ስላገኘን ነው። ጥያቄ የሚጠይቅ ሠራተኛ አስቸጋሪ ይባላል፤ እኔም አስቸጋሪ ላለመባል ብዬ ነው ማንቆርቆሪያ የሳልኩት።

የምፈልገውን በግልጽ ልናገር። የምርምር ንድፉ ሲጻፍ፣ ገና ገንዘብ ሳይጠየቅ፣ ውጤቱ ለማን በምን መልክ በየትኛው ቋንቋ እንደሚደርስ ይጻፍበት፤ ገንዘቡም ከዚያው ይያዝለት፣ ከሰኔ ትራፊ ሳይሆን። ሥዕሉን የሚሠራው ሰው የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ወንበር ይኑረው፤ ሻይ ለማዳረስም ቢሆን ይቀመጥ፣ ይሰማል። ማንኛውም ለሕዝብ የሚሠራ ፖስተር ከመታተሙ በፊት ከዚያው ቀበሌ ለአምስት ሰው ይታይና «ምን አድርጉ ነው የሚለው?» ተብለው ይጠየቁ። አምስት ሰው። አንድ ከሰዓት። ያቺ እናት ከመታተሙ በፊት አይተዋት ቢሆን ኖሮ ያቺ ማንቆርቆሪያ እኔ ኮምፒዩተር ውስጥ ትሞት ነበር። ሎጎዎቹ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቁመት፣ ከታች፣ በአንድ መስመር ይደርደሩ፤ የተከፋ ካለ በግል ያነጋግረኝ።

ይሄን ጽሑፍ የጀመርኩት በሐሙሱ 43 ገጽ ምክንያት ነው። ትናንት ዓርብ ሙሉውን አነበብኩት። ስለ በቆሎ ነው፤ እርጥበት ሳይለቅቀው ስለሚከማች በቆሎና ስለሚያበቅለው ሻጋታ። ሻጋታው ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙን ማብሰል ጨርሶ አያጠፋውም። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ያለችው ገጽ 38 ላይ ነው። ሳነባት ብቻዬን ቢሮ ውስጥ ተነስቼ ቆምኩ።

ለዶክተር ደወልኩላቸው። «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ይቺን ፖስተር ማን እንዲያነባት ነው የተፈለገው?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «እንዴት ማለት?»

«ገበሬው ነው? ነጋዴው ነው? ወይስ ሰኞ የሚመጡት እንግዶች?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። ከዚያ ከጀርባቸው የሰው ድምፅ ተሰማኝ። «ቆይ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ ልደውልልህ።»

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ስልኬን ከጎኔ አስቀምጬ ነው ይሄን የምጽፈው። ፋይሉም ክፍት ነው፤ ፊደሉን ገና አላሳነስኩትም።